ጥይት የለካሁበት የቡና መለኪያ

ባለፈው ወር ባለቤቴ ቁም ሳጥኑን ስታራግፍ ከጫማዎቼ ኋላ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አገኘች። እኔ ዕቃ አልጥልም፤ ይሄ የታወቀ አመሌ ነው፤ ሁልጊዜ የምንጣላበትም እሱ ነው። ክዳኑን ከፍታ አልጋው ላይ ዘረገፈችው። የደረቁ ብዕሮች፣ የኮሌጅ መታወቂያዬ፣ የቆመ የእጅ ሰዓት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ካሊፐር፣ በመጨረሻም በጥጥ የተሸፈነች አንዲት የጎበጠች የጥይት አረር ወጣች።

"ካሊፐሩን ለልጅ ልጃችን እንስጣት፤ ምህንድስና አይደል የምትማረው?" አለች። አረሯን ግን በሁለት ጣቷ አንስታ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። አርባ ዓመት በትዳር ስንኖር ስለዚያች አረር ትንፍሽ ብዬላት አላውቅም። "ከሥራ ቦታ የመጣች ነች" አልኳት። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፌ ተበላሸ፤ እናም ለሷ ያልነገርኳትን እዚህ ልጽፈው ነው።

ካሊፐር ማለት ሁለት መንጋጋ ያለው የብረት መለኪያ ነው። የቡና ችግኝ ግንዱን በመንጋጋው መሀል ያዝ አድርገህ ብትገፋው ውፍረቱን እስከ ሚሊሜትር ሽራፊ ድረስ ይነግርሃል። ደርግ በገባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጅማ ካለው የእርሻ ኮሌጅ ተመርቄ ሥራ ስጀምር የተሰጠኝ ይሄ ዕቃ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ ቡናን ከስኒ ውጪ ያየሁት ጅማ ከመጣሁ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ በስድስት ወር ውስጥ የቡና ሊቅ ሆኜ አረፍኩት። ሰኞና ማክሰኞ የቡ ከተማ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀኖች አጋሮ፣ ከችግኝ ጣቢያ ችግኝ ጣቢያ እየዞርኩ ስለካ እውላለሁ። ገበሬው ችግኙን በዓይኑ አይቶ "ይሄ ይጸድቃል፣ ያ አይጸድቅም" ሲል እኔ በሸሚዜ ኪስ የሰካሁትን ካሊፐር እመዛለሁ። አቤት ያኔ የነበረኝ ጉራ። ሻይ ቤት ስገባ እንኳ ካሊፐሩ እንዲታይ ከኪሴ ብቅ አደርገው ነበር።

በዚያው ሰሞን፣ ክረምቱ ወጥቶ በቆሎው ሊደርስ ሲል፣ ከአሰንዳቦ ቆላ አቤቱታ መጣ። አንድ ጎሽ ከግቤ ሸለቆ እየወጣ ማሳ ያወድማል። ሁለት በሬ ወግቶ ገድሏል፤ ሴቶች ውሃ መውረድ ፈርተዋል። መስሪያ ቤቴ የሰብል ጉዳቱን ገምት ብሎ ላከኝ። በአሮጌ ላንድሮቨር ከጅማ ወጥተን ሰርቦ ላይ ቆም አልን፤ እሸት በቆሎ በከሰል የሚጠብሱ ሴቶች ነበሩ። አራት ዛላ ጠርጌ በላሁ። መንገዱ ገና ከዝናብ የወጣ ስለነበር መኪናው ሲዘል ፍሬው ከእጄ እየተበተነ፣ ሾፌሩ ሲስቅብኝ አሰንዳቦ ደረስን። ደስተኛ ነበርኩ። ይሄን የምጽፈው ያን ቀን ምንም ክፉ ነገር በልቤ እንዳልነበረ እንዲታወቅልኝ ብዬ ነው፤ እንዲህ ብሎ መከላከሉ ራሱ ግን ያሳፍራል።

ያኔ በግለሰብ እጅ ያለ ጠመንጃ ሁሉ ተሰብስቦ የገበሬ ማህበሩ መጋዘን ገብቷል። እያንዳንዱ አፈሙዙ ላይ የባለቤቱ ስም ያለበት ቁራጭ ወረቀት ታስሮበታል። ጎሹን የሚገድል ሰው ሲፈለግ የአገሩ ሰው ሁሉ የጠራው አንድ ስም ነበር፦ አባ ፎጊ። ሰባ ዓመት የሚሆናቸው፣ ረጅም፣ ከሲታ ሽማግሌ ናቸው። በግራ ጆሯቸው ላይ ጎሽ የገደለ ሰው የሚያደርጋት ትንሽ የብር ሎቲ አለች። ሼኾቹ "ይህችን ነገር ተዋት" እያሉ ሲቆጧቸው ኖረዋል አሉ፤ እሳቸው ሶላታቸውንም አላጓደሉም፣ ሎቲዋንም አላወለቁም።

ስብሰባው ከማህበሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ካለው ሾላ ሥር ተደረገ። ሊቀመንበሩ ሁለት ጠመንጃ አስወጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። አንደኛው በጣሊያን ጊዜ የቀረ ምንሽር ነው፤ ሰደፉ በእጅ ብዛት የጠቆረ። አፈሙዙ ላይ ያለው ወረቀት የአባ ፎጊን ስም ይዟል። ሁለተኛው መንግሥት ለሚሊሻ ያደለው አዲስ ሲሞኖቭ ነው፤ ገና ዘይቱ ያልደረቀ።

"መመሪያው የተሰበሰበ መሣሪያ ለባለቤቱ አይመለስም ይላል" አለ ሊቀመንበሩ። "ቢሆንም ለአንድ ቀን ነው። አባ ፎጊ በራሴ ካልሆነ አልሄድም ብለዋል። የተማረው እንግዳችን ምን ይላል?"

ሰውየው ብልጥ ነበር። የሚሆነው ሁሉ በኔ አፍ እንዲሆን ፈልጓል። እኔ ደግሞ ጠመንጃ ተኩሼ አላውቅም፤ ጎሽም አይቼ አላውቅም። አላውቅም ማለት ምን ችግር ነበረው? ሰው ሁሉ ያየኛል፤ እኔም ካሊፐሬን ከኪሴ መዘዝኩ።

ከየጠመንጃው አንዳንድ ጥይት አስመጣሁና አረራቸውን ለካሁ። የምንሽሩ ስድስት ነጥብ ስምንት ሚሊሜትር። የሲሞኖቩ ሰባት ነጥብ ዘጠኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። "ለትልቅ አውሬ ትልቅ ጥይት ነው" አልኩ። "ሲሞኖቩ በአንድ ሚሊሜትር ከምናምን ይበልጣል።"

አባ ፎጊ ተነስተው ወደ ጠረጴዛው መጡ። ሁለቱን ጥይቶች ወስደው ጎን ለጎን አቆሟቸው። የምንሽሩ ጥይት ከሌላው በጣት ስፋት ይረዝማል።

"ማሎ ልጄ" አሉኝ በልመና፣ በዚያ ኦሮምኛና አማርኛ በተቀላቀለበት አነጋገራቸው፤ "ውፍረቱን አንተ አየህ፣ ርዝመቱንም እየው። ገፈርሳ፣ ጎሽ ማለት፣ ከላዩ የደረቀ ጭቃ አለው። ከጭቃው ሥር ጣት የሚሞላ ቆዳ። ከቆዳው ሥር የትከሻ አጥንት። ይሄ ረጅሙ እንደ ምስማር ሰርስሮ ይገባል። ያኛው አጭሩ ለሰው ተብሎ የተሠራ ነው። ሰው ስስ ነው።"

"ሲሞኖቩ አሥር ጥይት ይጎርሳል፣ አባ ፎጊ።"

"ዘጠኙን ልስት ነው እንዴ አሥር የምይዘው?"

ከሾላው ሥር የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። እኔን ግን እሳት አቃጠለኝ፤ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ከአካባቢው የኮሌጅ ዲፕሎማ ያለው ሰው እኔ ብቻ ነኝ፣ ማንበብ የማይችል ሽማግሌ በካሊፐሬ አሳቀብኝ። እናም አፌ ያልሆነ ነገር አወጣ።

"አባ ፎጊ የፈለጉት ጎሹን አይደለም" አልኩ። "ጠመንጃቸውን ነው።"

ሳቁ እንደ ተቆረጠ ገመድ ቀጥ አለ። በዚያ ዘመን ለኖረ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ላልኖረው ግን ልንገረው። የተወሰደበትን መሣሪያ ይፈልጋል የተባለ ሰው ነገ በሌላ ስም ሊጠራ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሊወሰድ ይችላል። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን መገላበጥ ጀመረ። አባ ፎጊ ትኩር ብለው አዩኝ። ቁጣ እጠብቅ ነበር፤ በፊታቸው ላይ ያየሁት ግን ለእንግዳ የሚደረግ ትዕግሥት ነበር።

"እሺ ልጄ። ያልከው ይሁን" አሉና ሲሞኖቩን አነሱ።

ከጊዜ በኋላ ስለ ጥይት አንብቤያለሁ። ለትልቅ አውሬ ጠመንጃ ሲመረጥ የአረሩ ስፋት አንዱ ነገር ብቻ ነው። ክብደቱ አለ፣ ርዝመቱ አለ፣ ከኋላው ያለው የባሩድ መጠን አለ፤ የሚበሳው እነዚህ ሲደመሩ ነው። ጉዱ ደግሞ በራሴ ሙያ ይሄን አውቀው ነበር። የቡና ችግኝ ግንዱ ወፍራም ስለሆነ ብቻ አይመረጥም፤ ሥሩ ይታያል። ገበሬዎቹን በየሳምንቱ የማስተምረው ይሄንኑ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አባ ፎጊ ከሁለት ሰዎች ጋር ወደ ወንዙ ወረዱ። እኔና ሊቀመንበሩ ጉብታ ላይ ሆነን እንጠብቃለን። ከኋላችን ሥጋ ለመካፈል ቢላዋና ቅርጫት የያዘ ብዙ ሰው አለ፤ ሥጋ የሚበላው በዓል ሲደርስ ብቻ የሆነ ሰው። በቆሎው የሙቀት ሽታ ይሸታል። አንድ ጊዜ ተኩስ ተሰማ። ቆይቶ ሁለት ተከታታይ ተኩስ። ከዚያ የሰው ጩኸት።

ስንደርስ ጎሹ የለም። አባ ፎጊ በጀርባቸው ተኝተዋል፤ ግራ እግራቸው ከዳሌያቸው ሥር እግር በማይዞርበት በኩል ዞሯል። ሲሞኖቩ አጠገባቸው ወድቋል፣ ውስጡ ገና ሰባት ጥይት አለ። አብረዋቸው የነበሩት ሰዎች እንደነገሩን ጎሹ ሦስቱንም ችሎ መጣ። "ቢስሚላህ ብዬ ነው የተኮስኩት" ይላሉ አባ ፎጊ ደጋግመው፤ "እንዳትተዉት፣ ሳይሞት ድረሱበትና እረዱት።" በቃሬዛ ተሸክመን አስፋልቱ ላይ አወጣናቸው፤ ቡና አራግፎ ወደ ጅማ የሚመለስ የጭነት መኪና አሳፈራቸው።

ጎሹ የተገኘው በማግስቱ ጠዋት ነው፣ ወንዙ ዳር ባለው ደንገል ውስጥ ሞቶ። ሽማግሌዎቹ ከበው ቆሙ። ሲሞት ያየው የለም፣ ቢላዋም አልነካውም፣ ሲሞት አድሯል። ተመካከሩና አይበላም አሉ። ያ ሁሉ ሰው ባዶ ቅርጫቱን ይዞ ተመለሰ። አንድም ሰው ሊነካው አልፈለገም፤ ይሄ ነገር በኋላ ለኃጢአቴ ተመቸኝ። ቆዳና ቀንዱ የመንግሥት ነው ስለተባለ፣ የሚገፈው ክርስቲያን መሆን ነበረበት። አንድ ሚሊሻና እኔ ቀረን።

ሚሊሻው ቆዳውን ገፎ ሊያጥብ ወደ ወንዙ ወረደ። እኔ ብቻዬን ትከሻው ላይ ጎንበስ አልኩ። ሦስቱም ቀዳዳዎች እዚያ ነበሩ። መዳፌን ዘርግቼ ባስቀምጥባቸው ሦስቱንም ይሸፍናቸዋል። በቢላዋ ተከትዬ ገባሁ። ሁለቱ አጥንቱ ላይ ቆመዋል። ሦስተኛው አጥንቱን ጫፉ ላይ ሰነጣጥቆ ወደ ሳንባው ትንሽ ተሻግሯል፤ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ ብሎ የገደለው እሱ ነው። ሰባ ዓመት የሞላቸው ሰው፣ ወደሳቸው እየሮጠ በሚመጣ ጎሽ ላይ፣ ሦስት ጊዜ ተኩሰው ሦስቴም አልሳቱም። የሳተው የኔ ካሊፐር ነው።

ሁለቱን አረር ወንዝ ወረወርኳቸው። ሦስተኛዋን ለምን በኪሴ እንደከተትኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ ወደ ክፍሉ ጠራኝና በሩን ዘጋው። "ሪፖርት ይፈለጋል" አለኝ። "የመንግሥት ጠመንጃ ወጥቷል፣ ሰው ተሰብሯል፣ ሥጋው ለሕዝብ አልደረሰም። ማን መረጠው ተብሎ ቢጠየቅ አሻጥር ሊባል ይችላል። እንግዲህ አንተ የተማርክ ነህ።" ወረቀትና ብዕር ወደ እኔ ገፋ። ኮሌጅ አብረውኝ ከነበሩት ውስጥ አሻጥር ተብለው የሄዱና ያልተመለሱ ነበሩ። ፈራሁ። ፍርሃቴ ግን ሙሉው ምክንያት አልነበረም፤ ትንሽ ቁራጭ የሆነ የዚያ ሳቅ ቂምም ነበረብኝ። ይሄኛውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ተኳሹ በዕድሜ መግፋት ምክንያት ዒላማውን በመሳታቸው አውሬው በተገቢው ሁኔታ ሳይመታ ቀርቷል።" እሑድ ዕለት በዚያው ሾላ ሥር ለሕዝቡ ተነበበ፣ ወደ ኦሮምኛም ተተረጎመ። ማንም አልሳቀም። አንድ ወጣት ብቻ "ጥይት አባካኝ ሆኑ እንግዲህ" አለ። ስሙም በዚያው ተለጠፈባቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጅማ ሆስፒታል ሄድኩ። ብርቱካን ይዤ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ነው የሄድኩት። አባ ፎጊ እግራቸው በጀሶ ተጠቅልሎ ተኝተዋል፤ አጠገባቸው አዲስ ያገባችው ልጃቸው ዘሀራ እርጎ በብርጭቆ ይዛ ቆማለች። ሪፖርቱን ሰምተዋል። ስለ ሾላው ሥር ነገር ምንም አላነሱም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ ሥጋውን የከፈትከው አንተ ነህ አሉ። ትከሻው ላይ ምን አየህ?"

አረሯ በሱሪዬ ኪስ ውስጥ ነበረች። ጭኔን ትቆረቁረኛለች።

"ምንም አላየሁም፣ አባ ፎጊ። አንዱ ሆዱ ላይ ነው የነካው።"

ቀኝ እጃቸውን አንስተው ጣታቸውን አጠፉ ዘረጉ። "ሦስቱም እጄ ላይ ይታወቁኝ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። እጃቸውን መልሰው አስቀመጡና፣ "እንግዲያው አርጅቻለሁ ማለት ነው። አልሐምዱሊላህ። የመንግሥት ጥይት አባከንኩ፤ አንተንም አሳፈርኩህ።" ይቅርታ ጠየቁኝ። እኔን። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ደረጃውን ስወርድ ብርቱካኑን ይዤው መውጣቴን ብቻ አስታውሳለሁ።

ከዚያ ወዲያ ወደ አጋሮ፣ ከአጋሮ ወደ ሐረር ተዛወርኩ። ጡረታ ስወጣ ተመልሼ ጅማ ገባሁ። አዲስ አበባ ስሄድ አሰንዳቦ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ሰው ሁሉ ወርዶ ሻይ ሲጠጣ እኔ ጋዜጣ ዘርግቼ እቀመጣለሁ። ባለቤቴ የሆድ ሕመም ነው ትላለች።

ያቺ ቆርቆሮ ከተከፈተች በኋላ ግን ጋዜጣው አልሸፍነኝ አለ። ባለፈው ሳምንት አረሯን ይዤ ሄድኩ። አባ ፎጊ ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ዘሀራን ጠይቄ አገኘኋት፤ ከአስፋልቱ ፈቅ ብሎ ማንጎና አቮካዶ የሞላበት ግቢ ውስጥ ትኖራለች፣ ስድሳ ዓመት አልፏታል። መጀመሪያ አላወቀችኝም። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ፊቷ በደስታ በራ፤ ይሄኛው ነው የገደለኝ። የበቆሎ ቂጣና ማር አቀረበች፣ "ሳይበሉማ አይነግሩኝም" አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት። ቂጣውን ሳልነካ አረሯን ከጥጧ አውጥቼ ትሪው ላይ አስቀመጥኳትና ሁሉንም ነገርኳት። ሾላውን፣ ቀዳዳዎቹን፣ ሪፖርቱን፣ ሆስፒታሉን።

ስጨርስ አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። አረሯን በመዳፏ ይዛ ክብደቷን እንደምትገምት ቆየች።

"እኛ ልጆቹ አባታችን አይስትም ስንል ነው የኖርነው፣ ወላሂ" አለች። "ከሰው ጋር እስከ መጣላት ደርሰናል። ዝም የሚያሰኘን እሱ ራሱ ነበር። ‘ልጁ ከፍቶ በዓይኑ አይቷል፣ ምን ቆርጦት ይዋሸኛል?’ ይለን ነበር። ከሆስፒታል በወጣ ቀን ሎቲዋን አወለቃት። ሼኾቹ ዕድሜ ልካቸውን ያላስወለቁትን።"

ከዚያ አረሯን በሻርፗ ጫፍ ቋጥራ ተነሳች። የቀረበውን ቂጣ አላነሳችም፣ ይብሉም አላለችኝም። ትንሽ ቆይቼ ራሴ ወጣሁ፤ እስከ በሩ አልሸኘችኝም።

ካሊፐሩን ለልጅ ልጃችን አልሰጠኋትም። ሌላ አዲስ ገዝቼላታለሁ። አባ ፎጊ "ምን ቆርጦት ይዋሸኛል?" ብለው ለጠየቁት መልሱን ይኸው ጻፍኩት፦ በሰዉ ሳቅ አፍሬ ነው፣ ከዚያም ፈርቼ። አንድ መስመር እንኳ አይሞላም። እሳቸው ግን በሕይወት ቢኖሩም ማንበብ አይችሉም ነበር፤ የነበረኝ ዕድል ያኔ አልጋቸው አጠገብ ቆሜ በአፌ መናገር ነበር።